አረንጓዴው ሽቦ ለምን ዋሸን?

የአርትስ ፋኩልቲ ተማሪዎች ስለ ኤሌክትሪክ ሽቦ ሲጽፉ ያየ ሁሉ «ምን አገባቸው?» ማለቱ አይቀርም። እኛም ብዕራችንን ከማንሣታችን በፊት ይህንኑ ጥያቄ ራሳችንን ጠይቀናል። የትራንስፎርመር አሠራር ምን እንደሆነ በፈተና ቢጠይቁን አጥርተን የምንመልስ አይደለንም። ነገር ግን የምሕንድስና ተማሪና የአርትስ ተማሪ በአንድ መኝታ ቤት ያድራሉ፤ ከአንድ ወጥ ቤትም ይበላሉ። አንዱ እጁን በፋሻ ጠቅልሎ ሲገባ ሌላው ዝም ብሎ መጽሐፉን ሊገልጥ አይችልም። ከዚህም በላይ ነገሩን ጠጋ ብለን ስንመረምረው የሽቦ ብቻ ሳይሆን የቋንቋም ጉዳይ ሆኖ አገኘነው። ስለ ቋንቋ ደግሞ ጥቂት ቃል የመናገር መብት አለን ብለን እናምናለን።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባለፈው የትምህርት ወቅት አንድ የመኝታ ቤት ጓደኛችን፣ የኤሌክትሪካል ምሕንድስና ሁለተኛ ዓመት ተማሪ፣ 220 ቮልቱን ወደ 12 ቮልት አውርዶ ወደ ዲሲ የሚለውጥ ትንሽ መሣሪያ እንዲገጥም ታዘዘ። ይህ የኤሌክትሮኒክስ ተማሪ ሁሉ የሚያልፍበት ተራ ልምምድ ነው። ትራንስፎርመሩን ከግድግዳው ሶኬት ጋራ የሚያገናኘው ገመድ ግን ከፋብሪካ የወጣ አልነበረም፤ ከዓመታት በፊት አንድ ተማሪ ከተራረፉ ሽቦዎች ቀጣጥሎ በናስትሮ የጠቀለለው ነበር። ከሽቦዎቹም አንዱ አረንጓዴ ነው። ጓደኛችን አረንጓዴ ማለት የመሬት መስመር ነው፣ ቢነኩትም አይጎዳም ብሎ ተምሯል። ስለዚህ ከቦታው ተላቅቆ የወጣውን አረንጓዴ ሽቦ ሊመልሰው በቀኝ እጁ ያዘው፤ ግራ እጁ በብረቱ ሣጥን ላይ ነበር። አረንጓዴው ግን ፌዝ ሆኖ ተገኘ።

እግዚአብሔር አተረፈው። ኤሌክትሪኩ ነዝሮ ወደ ኋላ ሲወረውረው ክርኑ ከጠረጴዛው ጠርዝ ጋራ ተጋጨ፤ ሁለት ጣቶቹም ተቃጠሉ። ስፒናውን አስቀድሞ አለመንቀሉ የራሱ ጥፋት መሆኑን እርሱም አይክድም። እኛን የከነከነን ግን ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። በዙሪያው ከቆሙት አንዳንዶቹ ሳቁ። አንዱማ «አሁን ገና ኢንጂነር ሆንህ!» አለው። ገመዱም ከጠረጴዛው ላይ ተነሥቶ ወደ መሳቢያው ተመለሰ። በማግሥቱ ሌላ ክፍል እንዲጠቀምበት መሆኑ ነው።

ያንን ገመድ የቀጠለው ተማሪ ማን እንደሆነ የሚያውቅ አልተገኘም፤ ተመርቆ ሄዷል። ምናልባት በዚያ ቀን አረንጓዴ ሽቦ ብቻ ተርፎት ይሆናል። ምናልባትም «የትኛው የት እንደሚገባ እኔ ራሴ አውቀዋለሁ» ብሎ ይሆናል። በእውነትም ያውቀው ነበር። ዕውቀቱን ግን ይዞት ሄደ፤ ሽቦውን ለእኛ ትቶ።

እንግዲህ የቋንቋውን ነገር እናንሣ። የስዊዘርላንዱ የቋንቋ ሊቅ ፈርዲናንድ ደ ሶስር ትምህርቱ ከሞተ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1916 ታትሟል። በዚያም ከሚታወቅባቸው ሐሳቦች አንዱ በምልክትና በትርጕሙ መካከል የተፈጥሮ ማሰሪያ የለም የሚለው ነው። «ውሃ» የሚለው ድምፅ አያረጥብም፤ «እሳት» የሚለውም አያቃጥልም። ቃል ትርጕም የሚያገኘው ተናጋሪዎቹ ስለ ተስማሙበት ብቻ ነው። የሽቦም ቀለም ልክ እንዲሁ ነው። መዳቡ አንድ ዓይነት ነው፤ ኤሌክትሪክም ቀለም አይመርጥም።

ብዙ ሰው ከዚህ ተነሥቶ «ስለዚህ ቀለሙ ዋጋ የለውም» ይላል። እኛ ግን ተቃራኒውን እንላለን። የአንድ ምልክት ትርጕም ከተፈጥሮ የመጣ ቢሆን ኖሮ እኛ ብንሳሳትም ተፈጥሮ ታርመን ነበር። ጭስን ያየ ሰው እሳት መኖሩን ለማወቅ ከማንም ጋራ መስማማት አያስፈልገውም። በስምምነት ብቻ የቆመ ምልክት ግን ስምምነቱ ሲፈርስ ከሥሩ የሚይዘው ነገር የለም። የመንገዱ ቀይ መብራት አንድን መኪና በጕልበት ይዞ ሊያቆም አይችልም፤ የሚያቆመው ሾፌሮች ሁሉ ስለሚያከብሩት ነው። አንዱ ሾፌር «ለእኔ ቀይ ማለት እለፍ ነው» ቢል ውጤቱን ለመናገር ሊቅ መሆን አያስፈልግም።

ስምምነቱ ከሀገር ሀገር መለያየቱ ደግሞ ነገሩን ያወሳስበዋል። የላቲኗ ፊደል ሲ በእንግሊዝ ቧንቧ ላይ ስትጻፍ ቀዝቃዛ ማለት ናት፤ በጣልያን ቧንቧ ላይ ግን «ካልዳ» የሚለውን ቃል ስለምትወክል ሙቅ ማለት ናት። አንዲት ፊደል አንዱን እጅ ስታቀዘቅዝ ሌላውን ትልጣለች። በቧንቧ የሚደርሰው ጉዳት ቢበዛ ልጥ ነው። በሽቦ የሚደርሰው ግን ሌላ ነው።

መጽሔታችን በጥቁር ቀለም ብቻ የምትባዛ ስለሆነች ቀለሞቹን በስማቸው እየጠራን እንዘርዝራቸው። በዓለም አቀፉ የኤሌክትሮቴክኒክ ኮሚሽን ደንብ ለግድግዳ ኤሌክትሪክ ፌዝ ቡናማ፣ ጥቁር ወይም ግራጫ ነው፤ ኒውትራል ሰማያዊ ነው፤ የመሬት መስመር አረንጓዴና ቢጫ ዝንጕርጕር ነው። በአሜሪካ ጥቁርና ቀይ ፌዝ ሲሆኑ፣ ነጭ ወይም ግራጫ ኒውትራል፣ አረንጓዴ ወይም ልባስ የሌለው መዳብ ደግሞ የመሬት መስመር ነው። በእንግሊዝ በጥንቱ ልማድ ቀይ ፌዝ፣ ጥቁር ኒውትራል፣ አረንጓዴ የመሬት መስመር ነበር። የዕቃዎች ገመድ ወደ ቡናማ፣ ሰማያዊና አረንጓዴ-ቢጫ የተለወጠው እ.ኤ.አ. በ1969 በወጣ ደንብ ነው። በግድግዳ ውስጥ የሚዘረጋው ሽቦ ግን እስከ 2004 በቀድሞው ቀለም ቆይቶ፣ ከ2006 ጀምሮ አዲሱ ብቻ እንዲሠራበት ሆነ። በጀርመን ደግሞ እስከ 1960ዎቹ አጋማሽ ድረስ የመሬት መስመር ቀለም ቀይ ነበር። እንግሊዛዊው «ይገድላል» ብሎ የሚሸሸውን ቀለም ጀርመናዊው «ያድናል» ብሎ ያስር ነበር ማለት ነው።

እስቲ አሁን አንዱን ቀለም፣ ጥቁሩን ብቻ እንከተለው። የኤሌክትሮኒክስ ተማሪ በመጀመሪያው ሳምንት ቀይ ፖዘቲቭ፣ ጥቁር ዜሮ ወይም ኔጌቲቭ መሆኑን ይማራል። በባትሪና በዲሲ ሥራ ጥቁር ማለት ሁሉ የሚለካበት ጸጥተኛው ሽቦ ነው። ያው ተማሪ በእርዳታ የመጣ የአሜሪካ መሣሪያ ሲከፍት ጥቁሩ ፌዝ ሆኖ ይጠብቀዋል። አሮጌ የእንግሊዝ መሣሪያ ቢከፍት ጥቁሩ ኒውትራል ነው። በአዲሱ ዓለም አቀፍ ደንብ የተሠራ የሦስት ፌዝ መስመር ሲያገኝም ጥቁሩ ከሦስቱ ፌዞች አንዱ ነው። አንድ ቀለም አራት ትርጕም አለው ማለት ነው። ከአራቱ ሁለቱ ገዳይ ናቸው። ሙቀት መለኪያው ቴርሞካፕል ዘንድ ሲደርስ ደግሞ በአሜሪካ ደንብ ቀዩ ሽቦ ኔጌቲቭ ነው። ይህን ያላወቀ ተማሪ ሽቦውን ገልብጦ ያስርና ምድጃው እየጋለ መለኪያው «ቀዘቀዘ» ሲለው ቀኑን ሙሉ ሲደነቅ ይውላል።

እንዲህ ያለው ድብልቅ በሌላ ዓለም የሚነገር ተረት ነው ብላችሁ እንዳታስቡ። የላቦራቶሪዎቻችንን መደርደሪያ ያየ ያውቀዋል። ዕቃው አንዱ በግዢ፣ ሌላው በስጦታ፣ ሌላው ከሌላ ክፍል በውርስ የመጣ ነው። እያንዳንዱም የትውልድ ሀገሩን የቀለም ቋንቋ ይናገራል። እንግሊዞች ቀለማቸውን ሲለውጡ በአንድ ሕንፃ ውስጥ አሮጌውና አዲሱ ሽቦ ከተገናኙ፣ ሁለቱ ቀለሞች መኖራቸውን የሚያስጠነቅቅ ጽሑፍ በማከፋፈያው ሣጥን ላይ እንዲለጠፍ አስገድደዋል። እነርሱ ለሁለት ቋንቋ ማስጠንቀቂያ ከለጠፉ፣ አራትና አምስት ቋንቋ በሚነገርበት ክፍላችን ግድግዳው ባዶ መሆኑ ምን ይባላል?

ስለ አደጋው መጠንም ጥቂት እንበል፤ «ትንሽ ቢነዝር ምን አለበት» የሚለውን አስተሳሰብ ከሥሩ ለመንቀል ቍጥሩን ማወቅ ይበጃልና። በሰው ሰውነት ውስጥ 1 ሚሊ አምፒር ገደማ ሲያልፍ መንዘዝ ብቻ ይሰማል። ወደ 10 ሚሊ አምፒር ሲጠጋ የእጅ ጡንቻ ይኮማተርና የያዘውን መልቀቅ ያቅተዋል። ከ30 ሚሊ አምፒር ሲያልፍና ሲቆይ ልብ ትርታውን ሊያዛባ ይችላል። ላብ ያራሰው ሰው ከእጅ ወደ እጅ ያለው ተቃውሞ 1000 ኦም ገደማ ቢሆን፣ 220 ቮልት 220 ሚሊ አምፒር ይልክበታል። ይህ ሒሳብ የኦም ሕግ ነው፤ እኛ የአርትስ ተማሪዎች እንኳ ሠርተነዋል።

«ብሬከር አለ» የሚል መልስ ሰምተናል። ነገር ግን 10 ወይም 16 አምፒር ሲያልፍ እንዲቋረጥ የተሠራ ብሬከር በሰው ውስጥ የሚያልፈውን 0.22 አምፒር ከቍም ነገር አይቈጥረውም። ብሬከሩ የቆመው ገመዱ እንዳይቃጠል ነው፤ ለእኛ አይደለም። ለእኛ የሚቆመው አንድም አረንጓዴና ቢጫው የመሬት መስመር ነው። ፌዙ ተላቅቆ የብረቱን ሣጥን ቢነካ ብዙ ኤሌክትሪክ በዚያ መስመር ወደ መሬት ይወርድና ብሬከሩ ያን ጊዜ ይቋረጣል። አንድም አር.ሲ.ዲ. የሚባለው መቍረጫ ነው። ይህ መሣሪያ የሄደውንና የተመለሰውን እያነጻጸረ፣ 30 ሚሊ አምፒር ከጎደለ በሴኮንድ ክፍልፋይ ያቋርጣል። እንግዲህ ጠባቂያችን የሆነውን የአረንጓዴውን ቀለም ለፌዝ መስጠት የዘበኛውን ልብስ ለሌባው ማልበስ ነው።

ሌላም የማይረሳ ነገር አለ። ቀይና አረንጓዴ የማይለዩ ዐይኖች አሉ። ይህ በዘር የሚወረስ ሆኖ በወንዶች ላይ ይበዛል። በአውሮፓ ተወላጅ ወንዶች ዘንድ ከ12ቱ አንዱ ያህል የቀለም መለየት ችግር አለበት፤ በሌሎች ሕዝቦች ዘንድ ቍጥሩ ይለያያል። ባለቤቱ እንኳ ሳያውቀው ዕድሜውን ሊያሳልፍ ይችላል። ለእንዲህ ያለው ዐይን ፌዙ ቀይ፣ የመሬት መስመሩ አረንጓዴ የሆነ የጥንት ገመድ ወጥመድ ነው። ዝንጕርጕሩ አረንጓዴ-ቢጫ ግን ቀለሙ ባይለይ እንኳ ዝንጕርጕርነቱ ይለያል። በመግቢያው ሳምንት ተማሪዎቻችን የቀለም ዐይናቸው ይመርመርላቸው ብንል የበዛ ልመና ይሆናልን?

አሁን ተቃዋሚዎቻችንን እንስማ። ለዚህ ጽሑፍ ስንጠያይቅ ሦስት መልስ አግኝተናል።

የመጀመሪያው «ጥሩ ኢንጂነር ቀለም አያምንም፤ በቴስተር ይለካል» የሚል ነው። ይህ እውነት ነው፤ ግማሽ እውነት ግን ነው። በሀገራችን ሁለት ክብ እግር ያለው ስፒና ተገልብጦም ስለሚገባ፣ ገመዱ በትክክል ቢሠራ እንኳ ቡናማው ኒውትራል፣ ሰማያዊው ፌዝ ሊሆን ይችላል። ያን ጊዜ የመሣሪያው ማጥፊያ ኒውትራሉን ብቻ ይቈርጥና «ጠፍቷል» የተባለው መሣሪያ ውስጡ እሳት እንደያዘ ይቀመጣል። ስለዚህ መለካት ግዴታ ነው፤ ከመለካትም በፊት ስፒናውን መንቀል። ነገር ግን መለካት ያለበት ሰው መኖሩ ያልታመነ ሽቦ የዘረጋውን ሰው ነፃ አያወጣውም። አንባቢ ደብዳቤን መርምሮ ማንበብ ይገባዋል ማለት ጸሐፊው ይዋሽ ማለት አይደለም። የሁለቱን ግዴታ በአንድ ዐረፍተ ነገር ብንናገረው እንዲህ ነው፦ ስትዘረጋ ለቀለሙ ታመን፤ ስትነካ ቀለሙን አትመን።

ሁለተኛው መልስ «ገንዘብ የለም» የሚል ነው። ቡናማ ሽቦ በአረንጓዴ ሽቦ ዋጋ ይገዛል። ቀለሙን ለይቶ ማዘዝ ተጨማሪ ሳንቲም አይጠይቅም፤ የሚጠይቀው ከግዢው በፊት አንድ ወረቀት ላይ አስቦ መጻፍን ነው። አር.ሲ.ዲ. ዋጋ አለው፤ ከአንድ ኦሲሎስኮፕ ዋጋ ጋራ ሲተያይ ግን ኢምንት ነው። የላቦራቶሪው ቴክኒሺያንም በዚህ የሚወቀስ አይደለም። አንድ ሰው ሆኖ ስንቱን ክፍል እንደሚያስተናግድ፣ የጠየቀውም ሽቦ ስንት ወር እንደሚቆይበት እናውቃለን። ያልተሰጠውን ሽቦ ከየት ያምጣ?

ሦስተኛው መልስ በቃል ያልተነገረን፣ በሳቅ የተነገረን ነው። ኤሌክትሪክ የነዘረው ሰው የተጠመቀ ያህል ይቈጠራል። ያልነዘረው ገና ልጅ ነው። እኛ ከሁሉ የበለጠ የምንፈራው ይህንን ነው። ምክንያቱም ሽቦ ይለወጣል፤ አደጋን የጀግንነት ምልክት አድርጎ የሚያይ አእምሮ ግን ዲግሪውን ይዞ ይወጣና ነገ ፋብሪካ፣ ሆስፒታል፣ የሰው ቤት ይገባል። የድሃ ሴት ምጣድ የሚጠግነው፣ የሕፃናት ማሞቂያ የሚገጥመው እርሱ ነው። «ለእኔ ይገባኛል» ብሎ ያሰረውን ሽቦ የማታውቀው እናት ትነካዋለች። እርስዋ ቴስተር የላትም።

በእኛ በተማሪዎች ላይ ያለውን ጥፋት ሸፍነን ሌላውን ብቻ ብንወቅስ ፍርደ ገምድል እንሆናለን። በኦሲሎስኮፑ ስፒና ጎን ያለውን የመሬት መነካኪያ «ሥዕሉ እንዲጠራ» ብሎ በናስትሮ የሚሸፍነው ማን ነው? ተማሪ ነው። እንዲህ ያደረገ ሰው የመሣሪያውን ብረት በሙሉ ሊነዝር የሚችል አድርጎታል። የ220ውን ገመድ ቈርጦ ለዲሲ መቀጠያ የሚያደርገው፣ የዲሲውንም ቀጭን ሽቦ ለ220 የሚያውለው ማን ነው? ተማሪ ነው። መሣሪያው ስለ ጠፋ ብቻ ትልቁን ካፓሲተር በጣቱ የሚነካው፣ ቻርጁ በውስጡ እንዳለ ረስቶ፣ እርሱም ተማሪ ነው። «ሳይቃጠል በቅጠል» ብለው አባቶቻችን የተረቱት ለእኛም ነው።

ስለዚህ የተማሪዎች ማኅበር ለሚመለከተው ዲፓርትመንት እንዲያቀርብልን የምንለምነው አምስት ነገር ነው።

1ኛ. የቀለም ስምምነት በአንድ ገጽ ተጽፎ በየላቦራቶሪው ግድግዳና በየጠረጴዛው ይለጠፍ። ለ220 ቮልት ቡናማ፣ ሰማያዊና አረንጓዴ-ቢጫ ይሁን። አረንጓዴ-ቢጫ ከመሬት መስመር በቀር ለሌላ ለምንም አይዋል። ለዲሲ ቀይ ፖዘቲቭ፣ ጥቁር ዜሮ ይሁን። የ220ውና የዲሲው ሽቦ በአንድ ሣጥን አይቀመጡ። ከዚህ ቋንቋ ውጭ የሆነ የውጭ ሀገር መሣሪያ ቢኖር ምን እንደሚናገር በላዩ ላይ ይጻፍበት።

2ኛ. በእጅ የተቀጣጠሉ የ220 ቮልት ገመዶች ሁሉ ተሰብስበው ይቈረጡ። ወደ መሳቢያ አይመለሱ።

3ኛ. ጠረጴዛዎቹን በሚመግበው መስመር ላይ የ30 ሚሊ አምፒር አር.ሲ.ዲ. ይግባ፤ የመሞከሪያው ቍልፍም በየጊዜው ይሞከር።

4ኛ. ማንም ብቻውን በ220 ቮልት አይሥራ፤ ዋናው ማጥፊያ የት እንዳለ ሳያሳዩ ልምምድ አይጀመር።

5ኛ. የነዘረ ኤሌክትሪክ ሁሉ፣ ትንሽም ቢሆን፣ በመዝገብ ይጻፍ። የሚጻፈው ሰው ለመቅጣት አይደለም፤ ምክንያቱን ለማግኘት ነው። ያልተጻፈ አደጋ ይደገማል።

ይህ ሁሉ የአንድ ወር ሥራ ነው። አንዳንዱም የአንድ ከሰዓት በኋላ ሥራ ነው። ወረቀቱን ለመጻፍ እጅ ካነሰ እኛ የአርትስ ተማሪዎች በአማርኛም በእንግሊዝኛም አጥርተን እንጽፋለን። ቢያንስ ይህን ተምረናል።

ጓደኛችን ፋሻውን ፈትቷል፤ ወደ ላቦራቶሪውም ተመልሷል። በተመለሰበት ቀን መጀመሪያ ያደረገው ያንን ገመድ ከመሳቢያው አውጥቶ በፒንሳ ከመካከሉ መቍረጥ ነበር። የሳቀ አልነበረም። በእርሱ ቦታ ሌላ ገመድ ሠርቷል፤ ቡናማው ፌዝ፣ ሰማያዊው ኒውትራል፣ ዝንጕርጕሩ የመሬት መስመር ሆኖ ታስሯል። ይህን ገመድ ከሦስት ዓመት በኋላ የሚይዘው ልጅ ዛሬ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ነው። አንተዋወቅም። ቢሆንም ጓደኛችን ቃል ጽፎለታል፤ ቃሉም እውነት ነው።